ጥላ መስሎት ገደል ሊረግጥ ስለ ነበረው ስለ አምኃ ጽዮን

በዚህች ቤት የተሰበሰባችሁ ምእመናን፥ ድንግል ለባሪያዋ ለአምኃ ጽዮን ያደረገችውን ስሙ። ይህ ሰው ዕድሜው አርባ ዓመት ሲሆን አእምሮው ግን እንደ ሕፃን ነበረ፤ እመቤታችንንም እጅግ ይወድ ነበርና፥ ውዳሴዋን መማር ቢሳነው በየማለዳው በደብሯ ደጃፍ ተንበርክኮ አፉ እስኪደክም ድረስ «ሰላም ለኪ» ይል ነበር።

ዓይኖቹ የታመሙ አልነበሩም፤ ነገር ግን ያየው ሁሉ ይደናገረው ነበር። ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ አይለይም፤ የዛፍ ጥላ በመንገድ ላይ ወድቆ ሲያይም ጉድጓድ ይመስለውና ይቆማል። የምትጦረው እኅቱ ስኂንም ትታክትና «ጥላ ነው፤ ርገጠውና እለፍ» እያለች እጁን ይዛ ትጎትተው ነበር፤ እርሱም እየፈራ ይታዘዛት ነበር።

በአስተርእዮ ማርያም በዓል ሕዝቡ ታቦቱን አጅቦ ሲወጣ ከእኅቱ እጅ ተለየ። ሁሉም ነጭ ለብሰው ነበርና ስኂን የትኛዋ እንደ ሆነች ማወቅ ተሳነው፤ የአንዲቱን ሴት ቀሚስ ቢይዝ ድምፅዋ የሌላ ሆነበት፥ ሁለተኛዪቱም እንዲሁ። ከዚያም ግራ ተጋብቶ ከሕዝቡ መካከል ወጣና ብቻውን ቁልቁል ሄደ፤ ደብሪቱም በገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ነበረች።

በፊቱም ጥቁር ነገር ተዘርግቶ አየ። ጉድጓድ ነው ብሎ ፈራ፤ ደግሞም የእኅቱን ቃል አስቦ ጥላ ነው አለ፤ ልቡም በሁለቱ መካከል ሲዋልል ቆየ። በመጨረሻም «ሰላም ለኪ» ብሎ ሊረግጠው እግሩን አነሣ፤ ያን ጊዜም አንዲት ሴት ከኋላው እጁን ያዘችውና «አምኃ፥ መፍራትህ ልክ ነው፤ ይህ ጥላ አይደለም። ተቀመጥ» አለችው፤ እርሱም ተቀመጠ።

ስኂንም ከአንድ ቄስ ጋር እያለቀሰች ስትፈልገው በገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ማን እንዳስቀመጠው ቢጠይቁት፥ ሊረግጥ ሲል «ይህ ጥላ አይደለም» ያለችው ሴት ናት አለ፤ መልኳን ቢጠይቁትም ቀና ብሎ እንዳያትና ምንም እንዳልገባው፥ ድምፅዋ ግን ከሚያውቃቸው ሁሉ የማንም እንዳልሆነ ነገራቸው። ቄሱም መሬቱን ቢመለከት ከአምኃ ጽዮን ዱካ በቀር ሌላ ዱካ አላገኘም፤ እንዴት እንደ ሆነም እኛ አናውቅም።

ስኂን ግን በወንድሟ እግር ላይ ወድቃ «ወደዚህ ያደረስሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አለችው። የምትለው አልገባውም፤ ድምፅዋን ስለ ሰማ ብቻ ደስ አለውና ሳቀ። ከዚያም ቀን ጀምሮ በመንገድ ላይ ሲቆም አብራው ትቆም፥ አስቀድማም ራሷ ረግጣ ታሳየው ነበር፤ በአንድነትም ድንግልን እያመሰገኑ ኖሩ።

እኛንም መንገዱ በጠፋብን ስፍራ ሁሉ ትያዘን፤ የደከመውን የምንጎትት ሳይሆን የምንጠብቅ ታድርገን፤ ይህን ያነበበውንም የሰማውንም ልጇ በመንግሥቱ ያስበው፤ ለዓለመ ዓለም አሜን።