ጅብ የፈተናት ትንሿ ጁስ መፍጫ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ የየራሳቸው ጓዳና ምድጃ በነበራቸው ዘመን፣ ከትልቅ ፏፏቴ ሥር የሚቆም አንድ ገበያ ነበረ። የጭጋግ ገበያ ይሉታል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ ማለዳ ጭጋጉ ሲወርድ ይቆማል፤ ፀሐይ የፏፏቴውን አናት ነክታ ጭጋጉ ሲገለጥ ይበተናል። እዚያ ሁሉ ነገር እንደ ሕልም ነው። ድምፅ ይሰማል፣ ባለቤቱ አይታይም፤ ቀንድ ይታያል፣ ፍየሏ የለችም። ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ ጭጋጉ እስኪገለጥ ድረስ ማንም ማንንም አይነክስም። አህያና ጅብ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ድንች ሲመርጡ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው።

ሙዳይ የምትባል አህያ አንድ ስልቻ ገብስ ተጭና ወደዚህ ገበያ የመጣችው ለእናቷ ብላ ነው። እናቷ እማማ ብርቄ አርጅተው፣ ጥርሳቸው አንድ ሳይቀር ረግፏል። ገብስ ቢሉ፣ ካሮት ቢሉ፤ ባዶ ድድ ምን ያደርጋል? ሙዳይ ገብሱን በሰኮናዋ ወቅጣ ልታበላቸው ሞክራ ነበር፤ አሸዋ እየገባበት ድዳቸውን አቆሰለው። አሁን የጎን አጥንታቸው ይቆጠራል። ብቻቸውን ጥላቸው መምጣት ስላልሆነላት፣ ቀስ በቀስ እየመራች ይዛቸው መጣችና ከገበያው ዳር ድንጋይ አስደግፋ አስተኛቻቸው።

እማማ ብርቄ ዓይናቸውን ግማሽ ጨፍነው ስለ ድሮ እሸት ያወራሉ።

«እሸቱ ወተት ሲቋጥር ታውቂያለሽ ልጄ? ያ ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳ… ሲነክሱት ጠብ ይላል… ጣፋጭ…» ይሉና መሐል ላይ ዝም ይላሉ። ያንቀላፉ ይመስላሉ።

ክረምቱ ሳይገባ የሚጠጣ ምግብ ካላገኘችላቸው እናቷ ክረምቱን አይወጡትም። ሙዳይ ታውቃለች፣ ጎረቤቱም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ብቻ ጠፋ።

ከፏፏቴው ወደ ገበያውና ወደየጓዳው በሚሄደው ኮረንቲ የሚሠሩ ዕቃዎችን የምትነግደው ወይዘሮ ቀበሮ ነበረች። ጭጋጉ ውስጥ ሁለት ጁስ መፍጫ ደርድራለች። አንዱ ትልቅ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ሰባት ቁልፍ አለው። ሌላዋ ትንሽ የፕላስቲክ ናት፤ አንድ ቁልፍ፣ አንዲት ጆግ፣ በቃ።

«እሜቴ፣ ትልቁ በምን ይሸጣል?» አለች ሙዳይ።

«ለአንቺማ ሙዳይዬ፣ ምን እላለሁ! ሦስት ዓመት ጨው ብትጭኚልኝ ይበቃኛል።»

«ሦስት ዓመት? እናቴንስ ማን ያያታል?»

«እሱን እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ትንሿስ?»

«እሷማ አንድ ስልቻ ገብስ ናት» አለች ቀበሮ አፍንጫዋን ነፍታ። «ግን እንዳትሸወጂብኝ። መጀመሪያ ፈታኙ ይያት።»

የዚያ ገበያ ወግ እንዲህ ነበር፤ ማንኛውም የጓዳ ዕቃ በፈታኝ ሳይታይ አይገዛም። የመፍጫ ፈታኙ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ጅቦ! ኧረ በስማም በሉ! «የሚፈጭን ነገር መፈተን ያለበት ከሁሉ በላይ መፍጨት የሚችል ነው» ብለው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሾሙት። ሽማግሌም አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ምን ታደርጉታላችሁ?

አያ ጅቦ እየተንጎማለለ መጣ። ወይዘሮ ቀበሮ ጠጋ ብላ በጆሮው አንድ ነገር ሹክ አለችው። ሙዳይ ቃሉን አልሰማችም፤ የጅቡ ለሃጭ ሲንጠባጠብ ግን አየች።

ፈተናው በትልቁ ተጀመረ። ቀበሮ የበሰለ ሙዝ ላጥ ላጥ አድርጋ፣ በወተት አጥለቅልቃ ቁልፉን ተጫነች። ግርርር! መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጦጣ ከዛፍ ከመውደቅ ለጥቂት ዳነች። አያ ጅቦ ጆጉን እንዳለ ገለበጠው፤ ጢሙን ላሰ፣ ጆጉን ላሰ፣ ጠረጴዛውንም ላሰ።

«አንደኛ ነው!» አለ። «ጩኸቱ ራሱ ያጠግባል!»

«ወይ ጉድ!» አለ ገበያተኛው።

ቀጥሎ የትንሿ ተራ ሆነ። ቀበሮ ከጠረጴዛው ሥር የደረቀ የበሬ ቅልጥም አወጣች። ሙዝ የለ፣ ወተት የለ፣ ጠብታ ውሃ እንኳ የለ። አያ ጅቦ ቅልጥሙን ጆጓ ውስጥ ጠቅጥቆ ቁልፏን በመዳፉ ረግጦ ያዘ። ትንሿ መፍጫ አቃሰተች፣ ተንገጫገጨች፣ የሚያር ነገር ሸተተ፤ ከዚያ ጸጥ አለች።

«ከንቱ!» አለ አያ ጅቦ። «አንዲት ቅልጥም የማትደቅ ምን መፍጫ ናት?» አጥንቱን መዝዞ አወጣና ቀጭ ቀጭ አድርጎ ጨረሰው። «መፍጨት ማለት ይሄ ነው!»

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ሙዳይ ግን ቅስሟ ተሰበረ። ቀና ስትል ጭጋጉ ሳስቷል፤ ከፏፏቴው በላይ ሰማዩ መቅላት ጀምሯል።

«አየሽ አይደል እህቴ?» አለች ቀበሮ ለስለስ ብላ። «ጊዜ የለሽም። ትልቁን ውሰጂና ነገ የጨው መንገድ እንውጣ።»

ሦስት ዓመት። እናቷ በዚያ ሁሉ ጊዜ በር በሩን እያዩ… ሙዳይ ጆሮዋን ጣለች። እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ሳታስበው አፍንጫዋን ትንሿ መፍጫ ላይ አሳረፈች። መፍጫዋ እንደ ትኩሳት ታማሚ ትፋጃለች።

ይህን ትኩሳት ሙዳይ ታውቀዋለች። አንድ ዓመት የግመል ጭነት ጭነውባት ዳገት ላይ ወድቃ ነበር። ጓደኞቿ ሁሉ «አበቃላት» ብለው ጥለዋት ሄዱ። እሷ ግን ጥላ ሥር ስታርፍ ቆይታ፣ ውሃ ቀምሳ፣ በገዛ እግሯ ቤቷ ገባች።

«እሜቴ፣ ይቺ አልሞተችም» አለች። «ከአቅሟ በላይ ተጭና ነው። ትንሽ ትረፍና እናቴ የምትበላውን ጨምሬ ልያት።»

«የተፈተነ ዕቃ ሁለቴ አይፈተንም!»

«አያ ጅቦ የፈተኗት ለራሳቸው ነው። እናቴ ቅልጥም አትበላም።»

«እኔን ነው?» አለ አያ ጅቦ። ጥርሱ ከጭጋጉ ውስጥ ብልጭ አለ።

ሕግ ሕግ ነው፣ ጅብም ጅብ ነው። ቢሆንም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«አይቆጡኝ አያ ጅቦ። እንደ እርስዎ ያለ ጥርስ ያለው መፍጫ ምን ያደርግለታል? ይቺን መፈተን ያለባት ጥርስ የሌላት ናት።»

ከጭጋጉ ውስጥ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሽማግሌ ድምፅ «እውነቷን ነው እኮ!» አለ። ሌላ ድምፅ ደገመው፤ ሌላም ሰለሰው። ወይዘሮ ቀበሮ ብዙ አፍ ሲነሳባት ጊዜ ትንሿን መፍጫ ወደ ሙዳይ ገፋ አደረገችላት።

ሙዳይ ጆጓን በፏፏቴው ውሃ አጠበች። በረጃጅም ጆሮዎቿ ትንሿን መፍጫ እያራገበች አቀዘቀዘቻት፤ ጭጋጉም በጆሮዎቿ መሐል እየተጠቀለለ ወደ ላይ ይሄድ ነበር። ከዚያ ለእናቷ ስንቅ ብላ ዘፍዝፋ ከያዘችው ገብስ እፍኝ ጨመረች፤ ካሮት በጥርሷ ከትክታ ጨመረች፤ ውሃ አከለችበት። ቁልፏን ነካ አደረገች።

መፍጫዋ አንዴ ዞራ ሲጢጥ አለችና ቆመች።

«አላልኩም?» አለ አያ ጅቦ።

ሙዳይ አልመለሰችለትም። ጆጓን ነቅነቅ አድርጋ ውሃ ጨመረች፤ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ። እንደገና ስትሞቅ አሳረፈቻት። ቀስ በቀስ የመፍጫዋ ድምፅ ረጋ፤ ቀፎ ውስጥ ያሉ ንቦችን መሰለ። ጆጓ ውስጥ ያለው ነገር ብርቱካናማ ሆነ፣ ወፈረ፣ አረፋ ያዘ።

ወስዳ ለእናቷ አቀረበችላቸው። ገበያተኛው ሁሉ ዕቃውን ጥሎ ተከተላት። ፀሐይዋ የፏፏቴውን አናት ልትነካ ጥቂት ቀርቷታል፤ ጭጋጉም ወርቅ መስሏል።

እማማ ብርቄ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አንዴ ቀመሱ። ቆዩ። እንደገና ቀመሱ። ከዚያ አፋቸውን ከጆጓ አላነሱም። ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ ሲል፣ እየዋጡ መሆኑ ለሁሉም ታየ።

«እንዴት ነው እማዬ?» አለች ሙዳይ ጠጋ ብላ።

እማማ ብርቄ ዓይናቸውን ገለጡ። ምላሳቸው ላይ የቀረችውን አንዲት ገለባ እንትፍ አሉ።

«ገለባ ትንሽ ቀርቶበታል» አሉ። «ሌላ ቀን ደህና አድርገሽ ዘፍዝፊው።»

ሙዳይ አንገቷን ደፋች። አያ ጅቦ ሊስቅ አፉን ከፈተ።

እማማ ብርቄ ግን ጆጓን አዘንብለው ወደ ውስጥ አዩ፤ ባዶ ነው። ቀና ብለው ልጃቸውን በልመና ዓይን አዩአት።

«ሌላ የለም እንዴ ሙዲ? እርቦኛል እኮ።»

እናቷ እርቦኛል ካሉ ስንት ጊዜያቸው! ሙዳይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። የገብሱን ስልቻ በወይዘሮ ቀበሮ እግር ሥር ወረወረችና ሁለተኛውን ልትፈጭ ሮጠች።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕቃ የሚመዘነው በጩኸቱና በጉልበተኛ ምስክርነት ሳይሆን፣ እሱን አጥቶ ለተቸገረው በሚሰጠው ጥቅም መሆኑን ነው።