ዘይት አልቀመጥ ያላት ሞተር ሳይክል

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት እንዳትሉኝ፤ የዛሬዋ ተረት በረት አታውቅም፣ በሁለት ጎማ ነው የምትሄደው።

አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። አግብታ ኖራለች፣ ወልዳ ግን አታውቅም። ከወንዝ ማዶ ያለችው የእህቷ ልጅ ሴት ስትወልድ "ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ" ተባለች፤ ከዚያ ወዲህ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ክርስትናው ዓርብ ላይ ዋለ። ቄሱ ሰው አይጠብቁም፤ ክርስትና እናት ከቀረች አጠገብ የተገኘች ሴት ታነሣለች። አትጠገብ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ደርሳ ልጅቷን መታቀፍ።

ስሜነህ የሚባል ነጂ ለክርስትናው ከጋገረችው ድፎ ዳቦ ጋር በሞተር ሳይክሉ አፈናጠጣት። ወንዙን ተሻግረው ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሞተር ሳይክሏ ቀጥ አለች።

"ሂጂ እንጂ" አላት ስሜነህ።

"አልሄድም፤ ዘይቴ መንገድ ላይ እየቀረ በባዶ ሆዴ ዳገት አልወጣም" አለች።

አትጠገብ ጎንበስ ብላ ብታይ ከታች ጠብ፣ ጠብ ይላል። "የታችኛውን ቡሎን አጥብቀው" አለች። ስሜነህ አጠበቀ። ጠብ አለ። ደግሞ አጠበቀ። ደግሞ ጠብ አለ።

"እትዬ፣ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚያፈስበት ላይሆን ይችላል" አለና ሞተሩን በጨርቅ ወለወለው። "እስቲ ከስንቅዎ በሶ ይስጡኝ።"

"በሶዬን ለብረት?"

"ለብረት።"

እያጉረመረመች ሰጠችው። በሶውን ሞተሩ ላይ ነሰነሰና አስነሣው። በሶው መራስ የጀመረው ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ከክዳኑ ጠርዝ ነው። ለካ ዘይቱ ከላይ እየወጣ፣ በጎን እየወረደ ኖሯል ከታች የሚንጠባጠበው።

"ዘይት ሆይ፣ ተቀመጥ" አለው ስሜነህ።

"አልቀመጥም፤ ጓርኒሲዮኗ አልይዝህ አለችኝ።" ጓርኒሲዮን በሁለት ብረት መሀል ገብታ ዘይት እንዳይወጣ የምታግድ ስስ ነገር ናት። እንግዲህ ጓርኒሲዮን ዘይት አትይዝ፣ ዘይት ከሞተር አይቀመጥ፣ ሞተር ሳይክል ዳገት አትወጣ፣ አትጠገብ ልጇን አታቅፍ።

"ጓርኒሲዮን ሆይ፣ ዘይቱን ያዢው።"

"አልይዝም፤ ገና አዲስ ነኝ፣ አልተቀደድኩም፤ ግን ትንፋሹ ከውስጥ ይገፋኛል።" እንግዲህ ትንፋሽ ጓርኒሲዮንን አይተዋት፣ ጓርኒሲዮን ዘይት አትይዝ፣ ዘይት ከሞተር አይቀመጥ፣ ሞተር ሳይክል ዳገት አትወጣ፣ አትጠገብ ልጇን አታቅፍ።

"ትንፋሽ ሆይ፣ ተዋት።"

"የት ልሂድ? ሞተር ሲሠራ እኔ እወጣለሁ። መውጫዬ ያ ቀጭን የጎማ ቱቦ ነበር፣ እሱም አላሳልፍህ አለኝ። በሩ የተዘጋበት ግድግዳ ቢገፋ ይፈረድበታል?" እንግዲህ ቱቦ ትንፋሽ አያሳልፍ፣ ትንፋሽ ጓርኒሲዮንን አይተዋት፣ ጓርኒሲዮን ዘይት አትይዝ፣ ዘይት ከሞተር አይቀመጥ፣ ሞተር ሳይክል ዳገት አትወጣ፣ አትጠገብ ልጇን አታቅፍ።

ከዳገቱ በላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። አትጠገብ "ሌላ ሴት ታነሣታለች" ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ይታገሱ እትዬ" አላት ስሜነህ። "ቱቦ ሆይ፣ ትንፋሹን አሳልፈው።"

"እንዴት ላሳልፍ? ዳቦው የታሰረበት መጫኛ አንቆኛል" አለ ቱቦው፣ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ እያለ። እንግዲህ መጫኛ ቱቦ አይለቅ፣ ቱቦ ትንፋሽ አያሳልፍ፣ ትንፋሽ ጓርኒሲዮንን አይተዋት፣ ጓርኒሲዮን ዘይት አትይዝ፣ ዘይት ከሞተር አይቀመጥ፣ ሞተር ሳይክል ዳገት አትወጣ፣ አትጠገብ ልጇን አታቅፍ።

"መጫኛ ሆይ፣ ቱቦውን ልቀቀው።"

"እኔ ምን አደረግሁ? የበቅሎ ጠፍር ነኝ፤ በሆድ ሥር ዙርና ጥበቅ ተባልኩ፣ ጠበቅሁ። ያሰረችኝ ትፍታኝ።"

ስሜነህ አትጠገብን አየ። አትጠገብ ወንዙን አየች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ድፎ ዳቦውን ሲጭኑ ስሜነህ ላስር ቢል "ወግድ፣ እኔ በቅሎ ስጭን ነው ያደግሁት" አለችው። በቅሎ ተንኮለኛ ናት፤ ሲጭኗት ሆዷን ትነፋለች፣ አዋቂ ጫኝም እስክትተነፍስ ጠብቆ ነው ጠፍሩን የሚስበው። አትጠገብም መጫኛውን በሞተር ሳይክሏ ሆድ ሥር አዞረች፣ ጉልበቷን ጎኗ ላይ ተከለች፣ እስክትተነፍስ ጠበቀችና ሳበች።

"አንተስ ዝም ብለህ ታየኛለህ?" አለችው አሁን።

"ወግድ ሲሉኝ ወገድኩ፣ እትዬ።"

ሣቋ አመለጣት። ተንበርክካ ቋጠሮውን ፈታች። መጫኛው ቱቦውን ለቀቀ፣ ቱቦው ትንፋሹን አሳለፈ፣ ትንፋሹ ጓርኒሲዮኗን ተዋት፣ ጓርኒሲዮኗ ዘይቱን ያዘች፣ ስሜነህ ከጠርሙስ የጨመረው ዘይት ከሞተሩ ተቀመጠ፣ ሞተር ሳይክሏ ዳገቱን ወጣች፣ አትጠገብም ድፎውን በጀርባዋ አዝላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወረደች።

ቄሱ ልጅቷን ከውሃው አውጥተው "የዚህች ልጅ እናት ወዴት ናት?" አሉ። አጠገባቸው የነበረች አንዲት ሴት እጇን ዘረጋች። አትጠገብ በሰው መሀል ገፋ ገፋ እያለች ደረሰች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ሰምታለች፣ መልሳ ግን አታውቅም።

"እኔ ነኝ፣ አባ" አለች።

ተረቴ ደረሰች፤ መንገደኛ ሁሉ ይድረስ።