ወንዙ እስኪጎድል የጠበቀ ሰው

የእናቴ ልጅ፣ ባለቤቴ በታመመ ጊዜ «ልምጣና አብሬሽ ላስታምም» ስትዪኝ ከልክዬሻለሁ። «ቤታችን ሲረጋጋ ትመጫለሽ» አልኩሽ። ትናንት በስልክ «ያን ጊዜ የከለከልሽኝ እንደ ባዳ ቆጥረሽኝ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መልሴ ይኸውልሽ።

አንድ ሰው ነበረ። የደጋ ሰው ነው፤ ሠርቶ ለማደር ቆላ ወርዶ፣ ከታላቅ ወንዝ ዳር የተወለደች ሴት አገባ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ «እናቴ አቅፋ ትመርቀው» አለች። እናቷ አሮጊት ናት፤ የምትኖረውም ከወንዙ ታች፣ የእግር መንገድ በሌለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ብዙ ቀን በጀልባ ተሂዶ ነው።

ሰውየው ሚስቱን ከዓይኑ ብሌን አብልጦ ይወዳል። ጀልባ ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ስንቅ ማሰናዳት ያዘ። በሶ አስፈጨ፣ ቋንጣ አደረቀ፣ ሕፃኑ እንዳይበሰብስ በጀልባው ላይ የሣር ክዳን ሠራ። ይህን ሲል ክረምቱ ገባ፤ ወንዙም ሞልቶ ተንጣለለ።

«በል እንነሣ» አለችው።

«አብደሻል? በክረምት ማን መንገድ ይወጣል! በእኛ አገር ወንዝ ሲሞላ ሙሽራ እንኳ ማዶ ያድራል።»

«እናንተ ወንዝ ትሻገራላችሁ፤ እኛ እንሄድበታለን። ምነው አንተ ሰውዬ!»

«አንቺንና ልጄን ለጎርፍ አልሰጥም። ሰማዩ ይጥራ» አለ። ፍርሃቱ ገብቷት አዘነችለት፤ ጓዟንም መልሳ ፈታች። እሱም ክዳኑን አፍርሶ እንደገና ከደነው።

በታኅሣሥ ሰማዩ ጠራ። ሰውየው ደስ ብሎት ሚስቱን ከነልጇ አሳፈረ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ግን አላለፉም፤ ጀልባው አሸዋ ላይ ተቀመጠ። ከፊታቸው ውሃው ሸፍኖት የኖረው ድንጋይና የወደቀ ግንድ ሁሉ አግጥጧል። ዘሎ ወርዶ በትከሻው ገፋ። ንቅንቅ የለም። ውሃው ከቁርጭምጭሚቱ አያልፍም።

«ወንዙ የት ሄደ?» አላት።

«እስኪሄድ ስትጠብቀው አልነበር?» አለችና ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ አለቀሰች።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ወንዙ ገና መሙላት ሲጀምር፣ ሰውየው ሕፃኑን ታቅፎ ዝናብ እየወረደበት ጀልባው ውስጥ ገባ። ስንቅ አልያዘም፣ ክዳንም አላበጀም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ቅዘፊ» አላት። ደረሱም። አሮጊቷ ግን በዚያ በጋ ዓይኗ ጠፍቶ ነበርና የልጅ ልጇን ፊት በጣቷ ዳስሳ መረቀችው።

እህቴ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። እንደ ባዳ አልቆጠርኩሽም፤ መከራዬ እንዳያበሰብስሽ ፈርቼ ነው። ወደ እኔ የሚያመጣሽ ውሃ ያው መከራው መሆኑን አላወቅሁም። አሁን ባለቤቴ ድኖ ሰማዬ ጠርቷል፤ ባለፈው ስትመጪ ግን እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ፣ ሳንጫወት ሄድሽ። ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።