ቁጡው ዳኛ

አንድ ጓንጉል የሚባል ዳኛ ነበር። ችሎት ላይ ሲቀመጥ ከእሱ የበለጠ ትዕግሥተኛ ሰው አይገኝም። ባላጋራዎች እየተጯጯኹ ሲካሰሱ አንዱንም ሳያቋርጥ አዳምጦ ይፈርዳል፤ ከተማው ሁሉ በእርጋታው ይመሰክርለታል። ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ወጥ ጨው ከበዛበት ወይም በር በኃይል ከተዘጋ ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። እጁን አንሥቶ ማንንም መትቶ አያውቅም፤ ድምፁ ግን ከዱላ ያላነሰ ያማል።

እናቷን በሞት ያጣች፣ ሕግ የምትማር ውባለም የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ሲመለስ ከጓደኛዋ ጋር ስትጫወትና ስትስቅ ከግቢው በር ላይ ሆኖ ሰማት። ደስ ብሎት ገባ። እሷ ግን ኮቴውን እንደሰማች ሳቋን ዋጠች፤ ጓደኛዋንም በዓይኗ ጠቅሳ ሸኘቻት። ዳኛው ያን ዕለት በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ሆኖ አመሸ። ልጁ በሕይወት እያለች እያጣት መሆኑ ገባው።

ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ ከከተማው ራቅ ብለው በተመስጦ ወደሚኖሩት መነኩሴ ወደ አባ ተክለአብ ሄደ። እሳቸውም ዝም ብሎ መቀመጥን፣ ትንፋሹን ማዳመጥን፣ በልቡ የሚመላለሰውን ሐሳብ ሳያባርርና ሳይከተል ማየትን አስተማሩት። መጀመሪያ ከበደው። ሲሰነብት ግን ደረቱን የተጫነው ነገር ቀለል አለለትና ዳንኩ ብሎ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ውባለም ብርጭቆ ሰበረች፤ ጩኸቱም እንደ ድሮው ፈነዳ።

እያፈረ ወደ መነኩሴው ሄዶ ዝምታው እንዳልበጀው ነገራቸው።

«ስትቀመጥ ምን አየህ?» አሉት።

«ቁጣው ሲመጣ አየሁት አባ። ከየት እንደሚመጣ ግን አላውቅም።»

«እንግዲያው ይህን የሚጠይቅህ ሰው ፈልግ። እኔ መጠየቁን አልተማርኩም» አሉት።

ሥነ ልቦና ተምረው ሰው ወደሚያማክሩት ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ሄደ። ዳኛው ስለ ሥራው ብዛትና ስለ ልጁ ግድ የለሽነት ብዙ አወራ። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ጠበቁና፣ «ሲቆጡ የሚሰማው ድምፅ የማን ነው?» ብለው ጠየቁት።

ሊመልስ ሲል ድምፁን ለየው። የአባቱ ድምፅ ነበር። ልጅ ሳለ ያ ድምፅ እስኪያልፍ ከጎተራ ጀርባ ተደብቆ ይጠብቅ ነበር። ያኔ ያላለቀሰውን ልቅሶ እዚያ ወንበር ላይ አለቀሰው።

ከዚያ በኋላ አዲስ ልማድ አመጣ። ልጁ ላይ ከጮኸ በኋላ አስቀምጦ ስለ አባቱ ክፋት ያስረዳታል። ውባለም አንድ ቀን ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ እንዲህ አለችው፦

«አባባ፣ ያሳለፉት ነገር ያሳዝነኛል። ግን ምክንያቱን ማወቄ ፍርሃቴን አልቀነሰውም።»

ይህ ቃል አንጀቱን በላው። አባቱን ሲፈራ የኖረው ልጅ አሁን ራሱ አባት ሆኖ እያስፈራ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ዝም ብሎ መቀመጡን ቀጠለ፤ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ መሄዱንም አልተወም። ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ አንዳንዴም ቁጣው ወደ ኋላ ይመልሰው ነበር።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ውባለም ፊቱ ቆመች። ሕግ መማሯን ትታ የእንስሳት ሐኪም ለመሆን መወሰኗን ነገረችው። ዳኛው ደግሞ ልጄ ወንበሬን ትወርሳለች እያለ ለወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ሲያወራ ኖሯል። ቁጣው መጣ። ሲመጣ አየው። የማን ድምፅ ይዞ እንደሚመጣም አወቀ። በረጅሙ ተነፈሰና ከሥሩ ያለውን ፈለገ፤ ልጄ ትርቀኛለች የሚል ፍርሃት ብቻ አገኘ።

«ደንግጫለሁ» አላት። «እስቲ ተቀመጪና ንገሪኝ።»

ውባለም አላመነችውም። ለትንሽ ጊዜ እንደቆመች ፊቱን አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሐሳቡ አልተስማሙም፤ ምሳ እስኪደርስ ግን አወሩ።

ጸጥ ብሎ መቀመጥ በውስጣችን ያለውን ያሳየናል፤ ራስን መጠየቅ ደግሞ ያ ነገር ከየት እንደመጣ ይነግረናል። ዳኛው አንዱን ብቻ ይዞ ሲሄድ መንገድ ላይ ቀረ። ቁጣው ዛሬም አልጠፋም፤ አሁን ግን ሲመጣ ያውቀዋል፣ ለልጁም ቦታ ይለቃል። የሰው ሙሉነት ምናልባት ይኸው ነው።

ከቤታችሁ ሰዎች መካከል እናንተን ፈርቶ ዝም ያለ ማን ይሆን?