ወረቀት የሚበላው ዕቃ ተረካቢ

አንድ ጊዜ፣ አህያ ከሸክም ተገላግላ መሪ በጨበጠችበት ዘመን፣ አያ አንበሶ የጭነት መኪና ገዝቶ ከቆላ ወደ ደጋ ቋንጣ ያስጭን ነበር። ሾፌሯ እመት አህዪት ነበረች። ዳገቱን በሞተር ስትወጣው፣ እናቷ ጨው ተሸክማ የወጣችው ዳገት መሆኑ ትዝ እያላት ደስ ይላት ነበር። ደጋ ላይ ባለው መጋዘን ዕቃ ተረካቢው አያ ጅቦ ነበር። ጅብን ቋንጣ ላይ ማን እንደሾመው አትጠይቁኝ፤ ሹመት አንዳንዴ እንዲህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። የጭነቱ ልክ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ አህዪት ወረቀቱን ይዛ ትመጣለች፤ ጅቦ ተረክቦ ይፈርማል፤ እሷም የተፈረመውን ለአንበሶ ታስረክባለች። ችግሩ ወረቀቱ ከቋንጣው ጋር ሲጓዝ ቅባት ይጠጣል። ጅቦ ገና ሲያሸተው አያስችለውም፤ ከነማኅተሙ ዋጥ ያደርገዋል። ወረቀቱ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ከቋንጣው ያሻውን ይበላል።

«ወረቀቴስ፣ አያ ጅቦ?»

«የምን ወረቀት? ነፋስ ወስዶብሽ ይሆናል። እናንተ አህዮች ደግሞ መቼ ዕቃ መያዝ ታውቃላችሁ!»

አንበሶ ታገሠ፤ ደግሞም ታገሠ። በመጨረሻ ግን ጋማውን ነቀነቀ። «አህዪት! ቋንጣው ይጎድላል፣ ወረቀት ደግሞ የለሽም። አሁንም ከጎደለ መሪውን ነጥቄ ወደ ሸክምሽ እመልስሻለሁ!»

አህዪት ከመኪናዋ ጎን ቆማ አለቀሰች። ከዳነ የቆየው የጀርባዋ ገጣባ እንደገና ያሳክካት ጀመር።

የአንበሶ ጸሐፊ ቀበሮ አያትና ሳቀ። «ምነው እመት አህዪት፣ ወረቀት እኮ እንደ አህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም!» አለና ስልክ አውጥቶ ሰጣት። «ከእንግዲህ መዝገባችን በዚህ ነው። መጋዘኑ በር ላይ ጭነቱን ፎቶ አንሥተሽ ትልኪያለሽ። ‹ደረሰ› ካለሽ፣ አንበሶ እጅ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ገደል ቢገባ ግድ የለንም።»

«በዚህ ሰኮናዬ? መስታወቱን አደቅቀዋለሁ!»

«አፍንጫ የለሽም እንዴ?»

አህዪት በአፍንጫዋ መጫን ተለማመደች። መጀመሪያ ሰማዩን አነሣች፤ ቀጥላ የገዛ ጥርሷን ለአንበሶ ላከች። እልኸኛ ናትና ግን አልተወችውም፤ ውላ አድራ ለመደችው። የጥሪውንም ድምፅ፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ እንዲሰማት ብላ፣ የወንድሟን ማናፋት አደረገችው።

በሚቀጥለው ጭነት ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ወጣ። «ወረቀቱን ወዲህ በይ!»

«ወረቀት ቀርቷል፣ አያ ጅቦ። ና፣ ከጭነቱ አጠገብ ቁምና ፎቶ ላንሣህ።»

ጅቦ ፎቶ ሲባል ደስ አለውና ጥርሱን አግጥጦ ቆመ። አህዪት ላከችው። ኔትወርኩ ግን ደካማ ነበር። ጅቦ «በይ አራግፊ!» እያለ ቢጮኽባት፣ ቢገፋትም፣ ግግም አለች። ጭነቱን ያስረከበችው «ደረሰ» የሚለውን በዓይኗ ካየች በኋላ ነው።

ከዚያ ስልኩን ወንበሯ ላይ ትታ ጎማ ልታይ ወረደች። ስልኩም ቋንጣ ቋንጣ ይሸት ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይሄኛው ስልክ ዋጠ። «መዝገቡ ሆዴ ገባ!» ብሎ ተደሰተና ቋንጣውን ይሰለቅጠው ጀመር።

አፉን ሳይጠርግ፣ ጭነቱን በሩቁ ሲከተል የመጣው አንበሶ ከቀበሮ ጋር ከች አለ።

«ቋንጣዬስ?»

«ጎድሎ ነው የመጣው፣ ጌታዬ! አህዪት መንገድ ላይ አራግፋው ይሆናላ። መዝገብ ካላት ታምጣ!»

አንበሶ የገዛ ስልኩን አሳየው። ጅቦ ከሙሉው ጭነት አጠገብ ጥርሱን አግጥጦ ቆሟል።

«በየት በኩል ወጣ?» አለ ጅቦ፣ ሆዱን እየዳበሰ።

«አህዪት ራሷ ትምጣና ትናገር» ብሎ አንበሶ ለአህዪት ደወለ። ወዲያው የጅቦ ሆድ አናፋ።

አንበሶ አገሣ። «አህዪትን በላሃት!»

«ኧረ እኔ ልሙት፣ አህያዋን አልነካሁም! የበላሁት ቋንጣውንና ስልኩን ብቻ ነው!»

አህዪት ከጎማው ጀርባ ብቅ አለች። «ወረቀቶቼንስ?»

«እነሱንማ ድሮ ነው የበላኋቸው!» አለ ጅቦ።

አህዪት አዲስ ስልክ ተሰጥቷት መሪዋን ጨበጠች። ገጣባዋም ከዚያ ወዲያ አላሳከካትም። ጅቦ ግን ተሻረና ጫካ ገባ፤ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ቀበሮ በደወለ ቁጥር ሆዱ ሲያናፋ፣ ዘመዶቹም «አህያ መጣች!» እያሉ ሲያሳድዱት ሰነበቱ።

ከዚህ የምንማረው፣ አዲስ አሠራር መልመድ ያልፈራ ታማኝ ሠራተኛ እንጀራውን እንደሚያድን፣ ሆዳምን ግን የገዛ ሆዱ እንደሚያሳጣው ነው።