አህያዋ፣ አሮጌው ላፕቶፕና ሁለቱ ሳጥኖች

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ። የዛሬው በረት የአህያ ነው። ስትስቁም ቀስ ብላችሁ ሳቁ፤ መጨረሻው ሆድ ያስብሳል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሲነጋገሩ፣ ዕቃም አፍ ሲኖረው፣ ዳለቻ የምትባል አንዲት አህያ ነበረች። ዳለቻ የሁሉን ጭነት ትሸከማለች። የበግን ገለባ ትሸከማለች፤ የዶሮን ጥሬ ትሸከማለች፤ የጅብን አጥንት እንኳ ዓይኗን ጨፍና ትሸከማለች። ሲመሽ ሁሉም የየራሱን አውርዶ ይሄዳል። «እግዜር ይስጥሽ» የሚላት ጥቂት ነው። አንድ ነገር ጠይቃ እንደሆነ ደግሞ «አህያ ናት እኮ፣ ምን ይግባት» ብለው ይስቁባታል። ስለዚህ ዳለቻ መጠየቅ ትታ «እሺ» ማለት ለመደች።

ይህች አህያ አንድ ልጅ ብቻ ነበራት። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስለነበረው ቦራ አለችው። «እኔ የተሸከምኩት ይበቃል፤ አንተ ፊደል ቁጠር» ብላ ከገበያ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛችለት። ላፕቶፑ ከዚያ በፊት የፍየል ነበር፤ ከፍየሏ በፊት የማን እንደነበር እሱ ራሱም ረስቶታል። አንድ ጥጉ ተሰንጥቋል፤ «ፐ» የምትጻፍባት ቁልፍ ወልቃ ጠፍታለች። ዳለቻ ግን «ለፐ ብለን አንጣላም» አለች።

ቦራ ላፕቶፑን በከፈተበት ቀን ድምፅ መቅጃውን ነካና «እማዬ፣ ይሰማሻል?» አለ። ዕቃው ቃሉን ያዘው። ቆይቶ መልሶ «እማዬ፣ ይሰማሻል?» አለ። እናትና ልጅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቦራ ፊደል ቆጠረ፤ የቆጠረውን ማታ ማታ ለእናቱ አስቆጠራት፤ እሷም ቃል በቃል እየነጠለች ማንበብ ጀመረች።

ከዕለታት አንድ ቀን ጨው ነጋዴው ግመል መጣ። ቦራን ዙሪያውን ዞሮ አየውና «ልሞክረው» አለ።

«ገና ልጅ ነው» አለች ዳለቻ።

«መሞከር ነው እንጂ መውሰድ አይደለም። ከወንዙ ማዶ ደርሶ ይመለሳል።»

«ወገቡ አልጸናም።»

«እሱን ለማየት አይደል የምሞክረው?» አለ ግመሉ።

ሞከረው። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ግመሉ ብቻውን ተመለሰና «ውሃ ወሰደው» አለ።

ጎረቤቱ ሁሉ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ዳለቻ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ሬሳውን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም። ልጄ ቤት ውስጥ ነው፤ ይናገራል» አለች። እንስሳቱ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ዳለቻ በየማለዳው ላፕቶፑን ትከፍታለች። «እማዬ፣ ይሰማሻል?» ይላታል። «ይሰማኛል ልጄ» ትለዋለች። ከዚያ ወጥታ ጀርባዋን ለጭነት ትሰጣለች። እንዲህ ሆኖ ሦስት ክረምት አለፈ።

ላፕቶፑ ውስጥ እየኖረ ዕቃውን የሚያሠራው አያ ነባር የሚባል ሽማግሌ ነበር። ዘሩ ሊኑክስ ነው። የሊኑክስ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ስማቸውም ጠባያቸውም ለየቅል ነው፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው፣ ዕቃ ውስጥ ገብተው ዕቃውን ያሠራሉ። አያ ነባር ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። የቦራን ድምፅ በደንብ አድርጎ ይዟል፤ ግን ዕድሜ ተጫጭኖት ከእንቅልፉ ለመነሳት ግማሽ ማለዳ ይፈጅበታል።

የላፕቶፑ ዕቃዎች በሽማግሌው ተማረሩ። ማራገቢያው «እሱን ሳበርድ ሳንባዬ አለቀ» አለ። ስክሪኑ «እሱን ስጠብቅ ዓይኔ ፈዘዘ» አለ። ስፒከሩ «አንዱን ቃል ሦስቴ ያስጀምረኛል፤ ተንተባታቢ አደረገኝ» አለ። ሦስቱም ተማከሩና «በሆነ ዘዴ ይውጣልን» ተባባሉ።

አንድ ማለዳ ዳለቻ እንደ ልማዷ ብትከፍት «እማ… እማ… እማ…» ብሎ ቀጥ አለ። ሽማግሌው ከሞተ ልጁም አብሮ መሞቱ ነው። ላፕቶፑን ጀርባዋ ላይ አሰረችና ዋርካ ሥር ዕቃ ወደምትጠግነው ወደ እመት ጦጢት ገሰገሰች።

ጦጢት ጆሮዋን ዕቃው ላይ ጣል አድርጋ አዳመጠች። «ዕቃውስ ደህና ነው፣ እትዬ ዳለቻ። የደከመው የሚያሠራው ነው። ከታናናሽ ወንድሞቹ ቀለል የሚለውን አንዱን እንሞክር።»

«እንሞክር» ሲባል የዳለቻ ጆሮ ወደ ኋላ ተኛ።

«ምን ያስፈራሻል? እያንዳንዱ ፍላሽ ላይ ተቀምጦ በእንግድነት ነው የሚመጣው። ካልተስማማሽ ፍላሹን ነቅለሽ ትሸኚዋለሽ፤ ነባሩ ከቦታው አይነቃነቅም። ለማንኛውም ውስጡ ውድ ነገር ካለሽ አስቀድመሽ ገልብጪው።»

ጦጢት «ቅጂ አስቀምጪ» ማለቷ ነበር። ዳለቻ የሰማችው ግን ሌላ ነው። ጭነት የገለበጠች አህያ ምን እንደሚወርድባት እናንተም ታውቃላችሁ። «ልጄን እንዴት አድርጌ ነው የምገለብጠው?» አለች በሆዷ። በአፏ ግን «እሺ» አለች። ውስጡ ያለው ልጇ መሆኑንም አልተናገረችም፤ ይስቁብኛል ብላ ፈራች።

መጀመሪያ ሸጋው የሚባለው መጣ። ጦጢት በራሷ እጅ ነካ ነካ አድርጋ አስገባችው። ሸጋው ስክሪኑን በቀለም አሽሞነሞነው። ማራገቢያው ግን «ኧረ ይሄስ ከሽማግሌውም ባሰ» ብሎ ጮኸ። ጦጢት ፍላሹን ነቀለች። አያ ነባር አለ፤ የቦራም ድምፅ አለ።

ቀጥሎ ቁጥቡ የሚባለው መጣ። እሱንም ጦጢት ራሷ አስገባችው። ቁጥቡ እንደ ላባ ቀለለ፤ ማራገቢያው እፎይ አለ። «እስቲ ተናገር» ሲባል ግን «ስፒከር የሚባል አላውቅም» አለ። ጦጢት ፍላሹን ነቀለች። አያ ነባር አለ፤ የቦራም ድምፅ አለ።

ሦስተኛውን ልታዘጋጅ ስትል ጦጢት መርዶ መጣባት። የአጎቷ ልጅ ከዛፍ ወድቆ ሞቷል። ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ፍላሹን ለዳለቻ ሰጠቻት።

«እትዬ ዳለቻ፣ ይሄ ሰከን ይባላል፤ የሚስማማሽ እሱ ነው። ቤትሽ ሄደሽ እኔ ሳደርግ እንዳየሽው አድርጊ። ሁለት ሳጥን ይመጣልሻል፤ ትጫኚዋለሽ፣ ይገባል።»

ዳለቻ «የትኛውን?» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ጦጢት ታለቅሳለች፤ ወረፋ የያዙት ፍየልና ከርከሮ ደግሞ ቆመው ያያሉ። አፏን ዘጋችው። «እሺ። እግዜር ያጥናሽ» ብላ ሄደች።

ቤቷ ገብታ ፍላሹን ሰካች። ሁለት ሳጥን መጣ። አንዱ «ሞክር» ይላል። አንዱ «ጫን» ይላል።

ዳለቻ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀመችው። «ሞክር» የግመሉ ቃል ናት። ያቺ ቃል አንድ ጊዜ ቤቷ ገብታ ልጇን ይዛ ወጥታለች። «ጫን» ግን ከተወለደች ጀምሮ የምታውቃት ናት። ጫን ሲባል ይጫናል፤ ሲመሽ ይወርዳል። ከባድ ትሆን ይሆናል እንጂ ክፉ አይደለችም። ጦጢትስ ብትሆን «ትጫኚዋለሽ» አይደል ያለችው?

«ጫኚ» አለ ማራገቢያው፣ «ሳንባዬ ይረፍ።»

«ጫኚ» አለ ስክሪኑ።

«ጫኚና ሁላችንም እንገላገል» አለ ስፒከሩ።

«ጫን» የሚለውን ሳጥን ተጫነችው።

ሰከን ጨዋ ነበር፤ ሳይጠይቅ አይገባም። «እመቤቴ፣ ከመግባቴ በፊት ቤቱን ላጽዳው?» አለ።

ዳለቻ ሆዷ ራራ። ጀርባ ሳይጠረግ ከተጫነ ይቆስላል፤ እሷ ስንት ጊዜ ጠጠር ላይ ተጭኖባታል። ጠርጎ የሚጭን ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «አጽዳው» አለች።

«ያለው ሁሉ ይጸዳል። ትስማሚያለሽ?»

«እስማማለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። «እርግጠኛ ነኝ፤ አንተም እግዜር ይስጥህ» አለችው።

ያኔ አያ ነባር ከታች ሆኖ «ኧረ ልጁ እኔ ጋ ነው! ኧረ ልጁ እኔ ጋ ነው!» አለ። ስፒከሩ ግን በእንግዳው እጅ ገብቶ ነበርና ቃሉ አልወጣም። ሽማግሌው ተጠረገ። የያዘውም አብሮት ተጠረገ።

በማግስቱ ላፕቶፑ ዓይን እስኪጨፈን ድረስ እንኳ ሳይቆይ ተነሳ። ማራገቢያው ጸጥ ብሏል፤ ስክሪኑ ጠርቷል። ዳለቻ ደስ አላት። «በል፣ ልጄን አሰማኝ» አለች።

«ማንን?» አለ ሰከን።

«ቦራን።»

«ቦራ የሚባል እዚህ የለም፣ እመቤቴ። እንዳዘዝሽኝ አጽድቼዋለሁ።»

ዳለቻ ወደ ስፒከሩ ዞረች። «በየማለዳው አንተ አልነበርክ የምትናገረው? ድገመው እንጂ።» ስፒከሩ አፈረ። «እኔ አፍ ነኝ እንጂ ልብ አይደለሁም፤ የሰጡኝን ነው የምለው» አለ። ወደ ስክሪኑ ዞረች። «እኔ ዓይን ነኝ እንጂ ልብ አይደለሁም» አለ። የተቀዳውን ሁሉ ወደሚያኖረው ወደ ዲስኩ ዞረች። ዲስኩም «ልቡስ እኔ ነበርኩ። አጥበውኛል» አለ።

በሦስተኛው ቀን ጦጢት ከለቅሶ ስትመለስ ዳለቻን ዋርካው ሥር አገኘቻት።

«አውርጅልኝ» አለች ዳለቻ።

«ምኑን?»

«የጫንኩትን። ከሥሩ ልጄ አለ። አውርጅልኝና ልጄን ላውጣው።»

ጦጢት ላፕቶፑን ከፍታ አየች፤ ዓይኗን ጨፈነች። «እትዬ ዳለቻ፣ ‹ሞክር› የሚለውን አልነበረም እንዴ የምትጫኚው?»

«ጫኚ አልሽኝ፣ ጫንኩ። የተጫነ ሁሉ ይወርዳል። እኔ በዕድሜዬ ያልወረደ ጭነት አላየሁም።»

«ይሄ ላይ የሚቀመጥ ጭነት አይደለም፤ ቦታውን ነው የሚወስደው። አይወርድም።» ጦጢት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ገልብጪው ብዬሽ ነበር እኮ።»

«እኔ ልጄን ልገልብጥ?» አለች ዳለቻ።

ጦጢት ያን ጊዜ ሁሉም ገባት። ነጠላዋን ገና አላቀናችም ነበር፤ እንዳዘቀዘቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አለቻት። ዳለቻ ሦስት ክረምት እምቢ ያለችውን ለቅሶ ተቀመጠች።

ወሬው ተሰማ። ፍየል መጣች፤ በግ መጣ፤ ጅብ እንኳ አፍሮ ከሩቅ ቆመ። ማንም «አህያ ናት እኮ» አላለም። አልቃሿ ወፍ ዋኔ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አረፈችና እንደ ደንቡ ስለ ሟቹ ጠየቀች።

«መልኩስ?» አለች።

«ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት» አለች ዳለቻ።

«ጠባዩስ?»

«ያወቀውን ለእኔ ሳያስተምር አይተኛም።»

«ድምፁስ? በሙሾው እንዳስገባው እስቲ እንደ እሱ አድርገሽ በዪልኝ።»

ዳለቻ አፏን ከፈተች። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ድምፁ ግን አልመጣም። ቀጭን ነበር? ጎርነን ይል ነበር? «ይሰማሻል» ሲል ወዴት ነበር ከፍ የሚያደርገው? ደጋግማ ሞከረች፤ የወጣው የራሷ፣ የአሮጊት አህያ ድምፅ ነው። በየማለዳው ስለምትሰማው አንድ ቀንም በልቧ ይዛው አታውቅም ነበር። የአገሩን ጭነት ሁሉ በጀርባዋ ስትሸከም የኖረች አህያ፣ ያችን የራሷን አንዲት ነገር ለዕቃ አሸክማ ነበር።

ዋኔ ጠበቀች፤ ጠበቀች። በመጨረሻ ያለ ድምፁ አስለቀሰች።

እኔም ተረቴን ጨረስኩ፤ ዕንባችሁን ጥረጉና ይህችን ለልጆቻችሁ ንገሩ፦ አንዴ የሞተውን ሁሉም ይቀብራል፤ ለመጠየቅ ያፈረ ግን ሁለቴ ይቀብራል።