የጸሐፊው ስልቻ

አንድ ጸሐፊ ነበረ። የጥያቄህ መልስ እሱ ዘንድ ነውና፣ ኢዮስያስ፣ አስቀድመህ እሱን ስማ።

ይህ ሰው የከብት መድኃኒት የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ የሚነግሩትን በብራና ይጽፍ ነበር። ሽማግሌው ታመዋል፤ ዕውቀታቸውን የሚወርስ ልጅም የላቸውም። አገሩ ደግሞ በበሬ የሚያርስ፣ በላም የሚኖር ነው። ስለዚህ የሚያውቁት ሁሉ ሳይሞቱ መጻፍ ነበረበት።

ጸሐፊው በየቅዳሜው የደረሰበትን ገልብጦ ለደብሩ ገበዝ ያስረክባል። ገበዙም ቀኑን ጽፈው በዕቃ ቤት ያኖሩታል። የአምናውን ቢጠይቋቸው የአምናውን፣ ያለፈውን ቅዳሜ ቢጠይቋቸው ያለፈውን ቅዳሜ ያወጣሉ። እንዲህ ያለ ጠባቂ!

ጸሐፊውም አንድ መልካም ልማድ ነበረው። ስህተት ለማረም ገጽ በሰንጢ ከመፋቁ በፊት፣ በገጹ ላይ ያለውን በቁራጭ ብራና ይገለብጠዋል። ከመልመዱ የተነሣ እጁ ሳያስበው ያደርገዋል። ክፋቱ፣ ቁራጮቹን እዚያው ገጾቹ መካከል ይሰካቸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቁራጮቹ ሳያያቸው አብረው ሄዱ። ገበዙ ገልጠው ቢያነቡ ለአንድ በሽታ ሁለት መጠን አገኙ፤ በገጹ አንድ ጭብጥ፣ በቁራጩ ሦስት።

«ምነው አንተ ሰው! ይህን ያነበበ ገበሬ በሬውን በየትኛው ይግደል?» አሉት።

ጸሐፊው አፍሮ ቤቱ ገባ። «ይህን ቁራጭ ሁሉ እሳት ይብላው! ገበዙ እያሉልኝ ምን ያደርግልኛል? ከእንግዲህ አልገለብጥም» አለ።

ሚስቱ ሣቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ገበዙ የሚያውቁት ቅዳሜን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ማን ይያዝልህ?» አለችና አንድ ባዶ ስልቻ አምጥታ፣ ከሚጽፍበት ራቅ ካለው ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። «ገጹ ወደ ገበዙ፣ ቁራጩ ወደ ስልቻው። ያረጀውን እኔ እጥለዋለሁ። አንተ ብቻ እጅህን አትከልክለው።»

እያጉረመረመ እሺ አለ።

ረቡዕ ዕለት ሽማግሌው ከብት ስለሚያሳብጠው በሽታ ነገሩት። ሐሙስ አረፉ። ዓርብ ጸሐፊው ከቀብር ተመልሶ፣ ሐዘኑን በሥራ ሊረሳ ሰንጢውን አነሣ። ሁለት ገጾች ጎን ለጎን ነበሩ፤ ሁለቱም «ከብቱ ቢያብጥ» ብለው ይጀምራሉ፤ የቀኙ ስህተት ያለበት የቆየ ገጽ፣ የግራው የረቡዕ ነው። የቀኙን ሊፍቅ የግራውን ፋቀ። ልብ ሲል፣ የሽማግሌው የመጨረሻ ቃል ብናኝ ሆኖ ጭኑ ላይ ወድቋል።

ገበዙ ዘንድ እንዳይሮጥ፣ እሳቸው ያላቸው ያለፈው ቅዳሜ ነው። ሽማግሌውን እንዳይጠይቅ፣ አፈር ለብሰዋል። ራሱን ይዞ ቀረ።

«እስቲ እጅህ እንዳንተ ሰነፍ እንደሆነ እንይ» አለች ሚስቱ።

ስልቻውን አወረደ። ከሁሉ በላይ አንድ ቁራጭ አገኘ። ሐዘን ባፈዘዘው ሰዓት እንኳ እጁ ልማዱን አልተወም ነበር፤ ያንኑ የግራውን ገጽ ከመፋቁ በፊት ገልብጦ ከትቶታል። አንድ ቃል አልጎደለም።

እንግዲህ ኢዮስያስ፣ «ጊት ካለኝ፣ የምጽፍበት ኤዲተር ፋይል ባስቀመጥኩ ቁጥር በራሱ የሚያኖራቸው የቀድሞ ቅጂዎች ምን ያደርጉልኛል? ፎልደሬን አጨናነቁት፤ ይህን ልማዱን ላጥፋው ወይ?» ብለኸኝ ነበር። ሥራህን በየደረጃው መዝግቦ የሚያኖረው ጊት ገበዙ ነው። እጅግ የታመነ ነው፤ የሚያውቀው ግን ኮሚት ያደረግከውን፣ ማለት አስረክበህ ያስመዘገብከውን ብቻ ነው። በሁለት ኮሚት መካከል የምታበላሸውን የሚይዝልህ ኤዲተሩ ነው፤ ያ ሳያስበው የሚገለብጥ እጅ። እኔ የማደንቀው ግን ሴትዮዋን ነው፤ ሁለቱንም ሳታጣላ በየቦታቸው አኖረቻቸው። አንተም አታጥፋው። ቅጂዎቹን ከፕሮጀክትህ ውጭ በአንድ ፎልደር እንዲያከማች፣ ያረጁትንም እንዲጥል እዘዘው። አምልጦ የሚቀር ቢኖር ደግሞ ጊት እንዲያልፈው በሚተዋቸው ፋይሎች ዝርዝር ላይ ጻፍለት። ገበዙ ቅዳሜን ይጠብቃሉ፤ የሰው እጅ ግን ዓርብም ይስታል።